ዘጠኙ ማረፊያዎች

መጀመሪያ የሚሰማው ከዘራው ነው። ኳ። ከዚያ እግር፣ ከዚያ ትንፋሽ። እንደገና ኳ። እኔ በራችን ላይ ቆሜ ጆሮዬን ወደ ደረጃው እጥላለሁ እንጂ ምንም አላይም። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ ከታች የሚመጣ ሰው እኛ በር ፊት እስኪደርስ ድረስ ድምፅ ብቻ ነው። አባቴ ደግሞ ድምፁን አይቆጥብም፣ ይቆጥራል። «ስልሳ ስድስት… ስልሳ ሰባት… ስልሳ ስምንት።» ግንባሩ ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ስድስት ጠርሙስ ውሃ የታጨቀበት ቦርሳ ከነትከሻው።

«ስንተኛህ ነው?» እለዋለሁ።

«አራተኛዬ። አንድ ይቀረኛል።»

«ጉልበትህስ?»

«እሱን ራሱን ጠይቀው። እኔን ምን ትጠይቀኛለህ።»

ጎንበስ ብሎ የግራ ጉልበቱን ያሻል፣ ይዞራል፣ ይወርዳል። ኳ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀን አምስት ጊዜ ስልሳ ስምንቱን ደረጃ ወረደ፣ ወጣ። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን «ሰውየው ነካ አደረገው እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። የእግር ጉዞ ልንሄድ ነው አልኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «ሁለታችሁ?» አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ እኔም ደስ አለኝ።

ነገሩ የተጀመረው እኔ በምሠራበት የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልገፋሁም፤ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ የሰው ወረቀት ሳገላብጥ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከሚያልፉት ወረቀቶች ዓይኔ የገባውን አነባለሁ። የሱቁ ባለቤት ይሄን ነገሬን አትወደውም። «ሰውየው ወረቀቱን ሊያስገለብጥ ነው የመጣው፣ አንተ ታነብለታለህ» ትለኛለች፤ ከዚያ ለደንበኛው ዞራ «ይቅርታ፣ ልጁ ቤቱ ደመና ላይ ነው፣ እኛ ጋ የሚመጣው ለሥራ ብቻ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን አንድ ሰው ስለ ፏፏቴ የተጻፈ ገጽ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ቅጂ ጥቁር መስመር ስለወጣበት ለራሴ አስቀረሁት። «ከከተማው ዳር ባለው ጫካ ውስጥ» ይላል። «መካከለኛ የእግር ጉዞ። ደርሶ መልስ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ያለ ዕረፍት አምስት ሰዓት ያህል። በዝናብ ወቅት ያዳልጣል።» ሌላ ነገር የለውም፤ መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አይናገርም።

ያን ፏፏቴ አውቀዋለሁ። አይቼው አይደለም፤ ከእናቴ አፍ ነው። እናቴ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ቀኑን ሙሉ በሳሙናና በእንፋሎት ውስጥ ቆማ ትውልና ማታ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ስለዚያ ውሃ ታወራለች፤ ከመታየቱ በፊት እንዴት እንደሚሰማ፣ እርጥበቱ ከሩቅ እንዴት ፊት ላይ እንደሚያርፍ። ከማን ጋር ሄድሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ከአባቴ ሌላ ከማን ጋር ልትሄድ ነው? ከሞተች አራት ዓመት ሆናት።

የዚያን ዕለት ማታ ወረቀቱን አባቴ ፊት አስቀመጥኩት። «አባዬ፣ ይሄ እማዬ የምታወራው ፏፏቴ አይደል? አብራችሁ የሄዳችሁበት?»

ወረቀቱን ከማንበቡ በፊት በአውራ ጣቱ ጠረገው። ልማዱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ሠርቷል፤ በየቤቱ እየገባ፣ ተንበርክኮ፣ የቆጣሪውን መስታወት በአውራ ጣቱ እየጠረገ ቁጥሩን ይጽፍ ነበር። አሁንም ጋዜጣ ይሁን የሰዓት ፊት መጀመሪያ ይጠርጋል፣ ከዚያ ያያል። ሰፈር ውስጥ «አንባቢው» ነው የሚሉት። አዲስ ሰው ሲሰማ ብዙ መጽሐፍ ያለው ይመስለዋል፤ ያሉን ግን አንድ መዝገበ ቃላትና የእኔ የድሮ ደብተሮች ናቸው።

«ነው» አለ። ያችን ብቻ። ከዚያ «መካከለኛ ማለት ለማን ነው?» አለኝ።

«ለመካከለኛ ሰው ነዋ።»

«እኔ መካከለኛ ነኝ?»

«ከጉልበትህ በላይ ያለው፣ አዎ።»

ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ተነስቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባና ከአልጋው ሥር አንዱን የድሮ የቆጣሪ ንባብ ደብተሩን አውጥቶ መጣ፤ ላስቲክ ሽፋን ያለው፣ ጥጉ የተበላ። መጨረሻው ላይ ሁለት ገጽ በእርሳስ ተጽፏል። «መንገዱ እዚህ አለ» ብሎ ሰጠኝ።

ጽሑፉ ሥርዓት ነበረው። ከመጨረሻው ፌርማታ ተነስቶ በእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ። መብረቅ የሰነጠቀው ዛፍ፣ ሃያ ደቂቃ። የእንጨት ድልድይ፣ ሦስተኛው ሳንቃ የለም። ዳገት፣ ሥር እንደ ደረጃ የሆነበት። እያለ እያለ እስከ ውሃው ድረስ ዘጠኝ መስመር ነው። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን አንድ አንድ ትንሽ ክብ አለች።

ደብተሩን በማግስቱ ሱቅ ወስጄ ሁለቱን ገጽ በትልቅ ወረቀት አባዛሁትና ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ክቦቹ ማረፊያ መሆናቸው ምንም አላጠራጠረኝም፤ እግረኛ ሰው መንገድ ሲጽፍ የሚቀመጥበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል? በአረንጓዴ ቀለም ሞላኋቸው። ከሥር ጻፍኩ። ዛፉ ጋ ውሃ። ድልድዩ ጋ ዳቦና እንቁላል። ከዳገቱ በፊት የጉልበት ፋሻ ማጥበቅ። ዘጠኝ ማረፊያ በአሥር አሥር ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ሁለት ሰዓት ላይ ከፌርማታው ብንነሳ ስድስት ሰዓት ላይ ውሃው ጋ ነን። ሰባት ሰዓት ላይ የትም ብንደርስ እንመለሳለን፤ የመጨረሻው አውቶቡስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቀኑን ቅዳሜ አልነው።

አባቴ መጥቶ ከወረቀቱ ፊት ቆመ። አረንጓዴዎቹን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘጠኝ ጊዜ?»

«ለጉልበትህ ብዬ ነው።»

አንዷን አረንጓዴ በአውራ ጣቱ ነካ። «ጥሩ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ በእኛ ቤት «በላህ?» እና «በላሁ» ካልሆነ በቀር ንግግር አልነበረም። አሁን ግን አባቴ ማታ ማታ ሻዩን ይዞ ወረቀቱ ፊት ይቀመጣል፤ በአንድ ምሽት አንዲት ክብ እያለ ያወራኛል። የተሰነጠቀው ዛፍ ጋ ጫማዋን አውልቃ በማሰሪያው አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ዳገቱ ላይ አዳለጣትና ተቀምጣ ሳቀች፣ መነሳት አቃታት። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ደግሞ ድምፁ ዝቅ አለ።

«እኔ ቀድሜ ተሻገርኩና እጄን ሰጠኋት» አለ። «ሳንቃው ስለሌለ ፈርታለች። እጇ በረዶ ነበር።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከሰጡኝ ይዤው የምዞር ሰው ነኝ። ማሽኑ ወረቀት እየተፋ እኔ ድልድይ ላይ ነኝ። ሁለቱ ወጣት ሆነው፣ እሷ በባዶ እግሯ፣ እሱ እጁን ዘርግቶ። አብረው ሲስቁ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ እሱ ሲገባ እሷ ተኝታ፣ እሷ ስትነሳ እሱ ወጥቶ ነው ያደግሁት። ስለዚህ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ያ ድልድይ ላይ ከአባቴ ጋር ቆሜ «እዚህ ጋ ነበር» ሲለኝ መስማት። ፏፏቴው ቢደርቅም ግድ አልነበረኝም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ መብራት ጠፍቶበት ቀደም ብዬ በገባሁበት ቀን፣ ባለባትሪዋ መጣች። አሁን በሰፈራችን ቆጣሪ የምታነበው እሷ ናት። አባቴ ነው ያሠለጠናት፤ ግንባሯ ላይ በላስቲክ የምታስረውን ባትሪ ከበሩ ውጭም ስለማታጠፋው ስሙ ወጣላት። ቁና ቁና እየተነፈሰች ገባች።

«ደህና ዋላችሁ፣ የሰማይ ቤት ሰዎች። አንድ ቀን እዚሁ ደረጃ ላይ እቀራለሁ፤ ያኔ ቆጣሪያችሁን ራሳችሁ ታነባላችሁ።»

«አንቺ የትም አትቀሪም» አላት አባቴ። «ደረጃው ነው ቀድሞሽ የሚያልቀው።»

«እንዴት ነዎት ጋሼ? ከዘራ ያዙ እንዴ? ለጌጥ ነው በሉኝ።»

ቆጣሪያችን ወጥ ቤት ውስጥ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነው። ተንበረከከች፣ ትንሿን በር ከፈተች፣ መስታወቱን በአውራ ጣቷ ጠረገች። ልክ እንደ እሱ ስታደርገው ሳይ ፈገግ አልኩ። ጻፈች። ስትነሳ የግንባሯ ብርሃን ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ይሄ ደግሞ የየት ሰፈር ንባብ ነው?»

«የሰፈር አይደለም» አልኳት ቶሎ ብዬ፤ ለሰው ለማሳየት ቸኩዬ ነበር። «ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ ነው። አባዬ ከእማዬ ጋር ሲሄድ የጻፈው። ቅዳሜ ልንሄድ ነው።»

ጠጋ ብላ ከላይ እስከ ታች ብርሃኑን አወረደችው። ሳቀች።

«ታዲያ ጋሼ፣ አንድም በር አልተከፈተልዎትም እንዴ? ዘጠኙም ግምት ነው።»

አባቴ ሻዩን አስቀመጠ።

«የምን ግምት?» አልኩ።

«ክቧ ናታ። አንተ አረንጓዴ ቀባሃት እንጂ የእኛ ክብ እኮ ናት። በሩ ተዘግቶ ስናገኘው ያለፈውን ወር አይተን፣ ጎረቤት ጠይቀን፣ ገምተን እንጽፋለን፤ ከጎኑ ክብ እናደርጋለን። እኔ አላየሁትም፣ ሰው የነገረኝ ነው ማለት ነው። አባትህ ናቸው ያስተማሩኝ። ኧረ በክቧ ቀልድ የለም! አንዱን ጓደኛቸውን ክብ በላጲስ ሲያጠፋ ይዘው ከሥራ አስወጥተውታል። አብሮ አደጋቸውን። መገመት ነውር አይደለም፣ የገመትከውን አየሁት ማለት ነው ሌብነት ይሉን ነበር። አይደል ጋሼ?»

አባቴ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አዞረ። ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ አየች፤ በዞረች ቁጥር ብርሃኗ ፊታችን ላይ እየወደቀ ዓይናችንን ያስጨፍነናል። «በሉ አምስተኛ ፎቅ ሳይዘጉብኝ» ብላ ወጣች። የእኛ ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ የለውም።

አባቴ ከወንበሩ አልተነሳም። ውጭው አጉረመረመ፤ ሳምንቱን ሙሉ እያስፈራራ ያልጣለ ዝናብ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም ብዬ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ድልድዩ ላይ እጅህን ሰጠሃት?»

ጠረጴዛውን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ምንም አልነበረበትም። ደግሞ ጠረገው።

«የወር መዝጊያ ነበር» አለ። «ሁለት መቶ አሥር ቤት ቀርቶኛል። ከማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች ጋር ሄደች። ማታ መጣችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። እኔ ጻፍኩት። ለከርሞ አብረን እንሄዳለን አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወር መዝጊያ መች ይጠፋል።»

ጡረታ የወጣው እሷ በሞተች በስድስተኛ ወሩ ነው። ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐሙስ ጠዋት ደረጃው ዝም አለ። ከዘራው ከበሩ ጀርባ ተደግፎ፣ ቦርሳው ከነጠርሙሶቹ ከሥሩ ተቀምጦ ተውኳቸው። ቅዳሜ እንሄዳለን ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ እሱም አላለም። «በላህ?» አለኝ። «በላሁ» አልኩት። አልበላሁም ነበር።

ስወጣ ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅዬ ጠቅልዬ ያዝኩ። ለምን እንደያዝኩት ሱቅ እስክደርስ አልገባኝም። መንገድ ላይ በአባቴ ለመናደድ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። የሚመጣብኝ ያ ደብተር ነው። እናቴ ከነጫማዋ ተቀምጣ ስታወራ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ በየመስመሩ ጎን ክብ ሲያደርግ። ሚስቱን እየሰማ እንኳ ክቧን አልረሳትም። በጽሑፍ አልዋሸም፤ የዋሸው በአፉ ነው፣ ለእኔ፣ ያውም ስለጠየቅሁት። የፈለግሁትን ነው የሰጠኝ። እንግዲያው ጥፋቱ የእነዚያ ክቦች ነው አልኩ። እነሱ ባይኖሩ ባለባትሪዋ አትስቅም ነበር፤ እኛም ቅዳሜን እንጠብቅ ነበር።

ስህተት ማጥፊያውን ነጭ ቀለም አወጣሁና አንድ በአንድ ቀባኋቸው። አረንጓዴው እየገፋ ስለወጣ ሁለት ሁለት ጊዜ።

የሱቁ ባለቤት ከወንበሯ ሆና አየችኝ። «ምንድን ነው የምታጠፋው?»

«ስህተት።»

«የማን ስህተት?»

«እንጃ።»

«ሳታውቀው ነው የምታጠፋው። ጎሽ። ቀለሙን ግን አትጨርስብኝ።»

ሲደርቅ፣ ከሥር የጻፍኩትን ዕቅዴን በነጭ ወረቀት ሸፍኜ በማሽኑ አሳለፍኩት። የወጣው ወረቀት ንጹሕ ነበር። ዘጠኝ መስመር፣ የአባቴ የእጅ ጽሑፍ፣ ከጎኑ ባዶ። ማንም ቢያየው ይህ ሰው መንገዱን በእግሩ ሄዶበታል ይላል። ማታ እሱ ከተኛ በኋላ ድሮ የነበረበት ቦታ ለጠፍኩት። ልነግረው የፈለግሁት ነገር ነበር፤ ለእኔ እዚያ ነበርክ፣ እጅህንም ሰጥተሃታል ልለው። እንዲህ ያለ ነገር በአፍ መናገር አልችልበትም። ወረቀቱ ይናገርልኝ ብዬ ተኛሁ።

አርብ ጠዋት ዝናቡ መጣ። ሻይ እየቀዳሁ ሳለ አባቴ ወጥ ቤት ገባ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ወደ ግድግዳው ተጠጋ። የመጀመሪያውን መስመር ጎን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ሁለተኛውን ጠረገ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፤ ቆሻሻ የሸፈነው መስታወት ይመስል ደጋግሞ አሸው። ወረቀቱ ጩኸት አወጣ።

«ክቦቹስ?» አለ፣ ወደ እኔ ሳይዞር።

«አያስፈልጉም ብዬ ነው፣ አባዬ።» ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ከበደኝ። «ለእኔ እንዲሁ ይሻለኛል።»

ያኔ ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ደጅ ላይ ቆሞ ሰው አለ የለም ብሎ ሲያዳምጥ እንዲያ ነበር የሚያየው ይመስለኛል። የቀዳሁለትን ሻይ ከእጄ ወሰደና ቆሞ እስከ መጨረሻው ጠጣው። ብርጭቆውን አጠበ፣ ደፋው።

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ደብተሩን አወጣ። ዋናውን፣ ክቦቹ ያሉበትን። እርሳስ ፈልጎ በቢላዋ ቀረጸው፤ ፍርፋሪውን ሰብስቦ ጣለ። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። እንዲያ ሰክቶ ካየሁት ሦስት ዓመት አልፎኛል። የሥራ ዝናብ ካፖርቱን፣ ብብቱ የተሰነጠቀውን፣ ከመስቀያው አውርዶ ለበሰና ደብተሩን ኪሱ ከተተ። ቦርሳውን አነሳ፤ ከስድስቱ ጠርሙስ አራቱን አውጥቶ ወለሉ ላይ ደረደረና ሁለቱን ይዞ አዘለ። ጎንበስ ብሎ የጉልበቱን ፋሻ አጠበቀ።

«አባዬ፣ ጉዞው እኮ ነገ ነው» አልኩት።

ከዘራውን ያዘ።

«ልምምድ ነው?»

በሩን ከፈተና ወጣ።

ደፉ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ወደ ጨለማው ጣልኩ። ኳ። እግር። ትንፋሽ። ኳ። ዛሬ አይቆጥርም ነበር፤ እኔ ቆጠርኩለት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም አለ፣ ጉልበቱ ይሆናል፤ ቀጠለ። ሁለተኛ ላይ አልቆመም። ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ሰባት፣ ስልሳ ስምንት። ሁልጊዜ እዚያ ሲደርስ አንዴ በረጅሙ ይተነፍስና ከዘራው ወደ ላይ ይዞራል። ጠበቅኩ። ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ነበር።

የታችኛው የብረት በር ተከፈተ። የዝናቡ ድምፅ ደረጃውን ሞልቶ እስከ እኔ ድረስ መጣ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።